ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከቤት ማስተማር፦ የጅማ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ጅማ ውስጥ ያሉ መምህራን የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያከራክረው ሄጃለሁ።

በርቀት ማስተማር ማለት በዙም ማስተማር ማለት ነው?

አይደለም። ተማሪውም መምህሩም እቤታቸው ሆነው ትምህርቱ ከቀጠለ በርቀት ማስተማር ነው። መንገዱ ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ ሬዲዮ ሊሆን ይችላል፣ የአምስት ደቂቃ ስልክም ሊሆን ይችላል። መጋቢት 2012 ኮቪድ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ እቤቱ ቀርቷል። ከዚያ ሁሉ ልጅ ዙም የከፈተው ስንቱ ነው ብላችሁ ገምቱ።

እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ከተማሪው ወደ መምህሩ የሚመለስ ነገር አለ ወይ? ትምህርት መላክማ ቀላል ነው፤ ፒዲኤፍ ለመቶ ሰው ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሥራው ያለው ልጁ ምን እንደገባውና የቱ ጋ እንደቆመ መስማቱ ላይ ነው። ፕላዝማን ያየ ሰው ይህን አይረሳውም። በ1997 ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲገባ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና፣ ክፍሉ ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ሳለ መልሱን ራሱ ተናግሮ ወደሚቀጥለው ያልፍ ነበር። በስልክ ያንኑ ከደገምነው ምንም አልጨመርንም።

ነገ ይዘጋል ተባለ። ዛሬ ምን ልሥራ?

ስልክ ቁጥር ሰብስቡ። መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር መስከረም ላይ የተሞላ ስለሆነ ብዙው ተቀይሯል፣ አንዳንዱም የአጎት ወይም የአከራይ ነው። ስልኩ የማን እንደሆነ፣ ኢንተርኔት ያስገባ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ስንት ሰዓት ላይ እቤት እንደሚገባ፣ ያ ቁጥር እምቢ ቢል ልጁ በማን በኩል እንደሚገኝ በየተማሪው ስም ትይዩ ጻፉ። የጎረቤት ወይም የሰፈር ሱቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከጉድ ያወጣል።

ከዚያ ልጁ ከነገ ጀምሮ የት እንደሚያድር ጠይቁ። ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ከሚማሩት ብዙዎቹ ከሰርቦ፣ ከሰቃ፣ ከየቡ፣ ከደዶ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ትምህርት ከሌለ ኪራይ የሚከፍልላቸው ስለሌለ በማግስቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። ትናንት ከተማ መሃል ቪዲዮ ሲያይ የነበረ ልጅ ነገ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት የሚወጣ ይሆናል፤ ይህን ሳታውቁ "ሰነፍ ነው፣ አይመልስም" ብላችሁ እንዳትፈርዱበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መጽሐፍ። ስቶር ውስጥ የተቆለፈ ካለ ዛሬውኑ እያስፈረማችሁ አድሉት። ዳይሬክተሩ "ይጠፋል" ማለታቸው አይቀርም። ጥቂት ይጠፋል፣ እውነት ነው። ይጥፋ።

ቴሌግራም ይሻላል፣ ዋትሳፕ ወይስ ጉግል ክላስሩም?

ቴሌግራም። ተማሪዎቹ ያሉት እዚያ ነዋ! የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ፒዲኤፍም ሆነ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች የሚዘዋወሩት እዚያ ነው። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ ዘግይቶ የገባ ተማሪ ቻናሉን ወደ ላይ ስቦ ከመጀመሪያው ትምህርት መነሳት ይችላል፤ ስልክ ቢሰበር ወይም ቢቀየርም የተላከው ሁሉ በቦታው ይገኛል።

ክላስሩም አሳይመንት ማን አስገባ፣ ማን አላስገባም የሚለውን ለይቶ ስለሚያሳይ ይወደዳል። ግን እያንዳንዱ ልጅ የጉግል አካውንት ያስፈልገዋል፣ የይለፍ ቃሉን ደግሞ በሳምንቱ ይረሳዋል። የይለፍ ቃል ስታስመልሱ ነው የምትውሉት። ዙምን ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ጥያቄና መልስ ብቻ አስቀምጡት፤ ነጻው ለቡድን ከ40 ደቂቃ በላይ አያስኬድም፣ ቪዲዮ ከተከፈተ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሽ ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይጨርሳል።

ግሩፑ በሁለት ቀን ትርምስምሱ ወጣ። ምን ይሻላል?

ቻናልና ግሩፕ ለዩ። ትምህርቱ ቻናል ላይ ይውጣ፤ እዚያ ከእናንተ በቀር ማንም አይጽፍም። ጥያቄ ግሩፕ ላይ ይሁን፤ ግሩፑንም በሰዓት ክፈቱት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ በቀረው ጊዜ መጻፍ የሚለውን ፈቃድ አጥፉት። ስቲከርና ሊንክ መላክንም ከልክሉ። እኩለ ሌሊት ላይ "ቲቸር ተኝተዋል?" የሚል ልጅ ሁሌም አለ፤ በዚህ ይገላገላችኋል።

ይልቅ ቸል የሚባለው የስልክ ቁጥር ጉዳይ ነው። ስልሳ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ የሴት ተማሪዎች ቁጥር በግልጽ ከታየ በማግስቱ ከማያውቁት ሰው ስልክ ይደወልላቸዋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የስልክ ቁጥሬን ማንም አይይ የሚለውን እንዲመርጡ በመጀመሪያው ቀን፣ ከትምህርቱ በፊት፣ በፎቶ እያሳያችሁ አስደርጓቸው። የግሩፑን ሊንክም ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ።

ቪዲዮ ልቅረፅ ወይስ ድምፅ ይበቃል?

ለአብዛኛው ነገር ድምፅና አንድ ፎቶ ይበቃል። የአምስት ደቂቃ የቴሌግራም ድምፅ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ያንኑ አምስት ደቂቃ በስልክ ካሜራ ብትቀርፁት በመቶዎች ሜጋባይት ይሆናል። ወላጅ ለልጁ የሚሞላውን ካርድ አስቡና ወስኑ። ሰሌዳ ወይም ደብተር ላይ ሠርታችሁ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ አንሱ፣ ከሥሩ "አሁን ሁለተኛውን መስመር ተመልከቱ" እያላችሁ በድምፅ አስረዱ። ፎቶውን እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ላኩት፤ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል።

ከአምስት ደቂቃ አትለፉ። ነገሩ ከበዛ በሁለት በሦስት ቁረጡትና በየመሃሉ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉ።

ለጅማ ሰው ብቻ የሚሆን ምክርም አለኝ፦ ጠዋት ቅረፁ። ከመጋቢት ወዲያ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ የሚያሰማው ጩኸት ድምፃችሁን ይውጠዋል፤ ተማሪው የሚሰማው ዝናብ ብቻ ነው።

በቀን ስንት ክፍለ ጊዜ ላስተምር?

የክፍል ፕሮግራሙን እንዳለ ወደ ስልክ ማዛወር አይሠራም። ልጁ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ስልክ ላይ አይቀመጥም፤ ስልኩም የእሱ አይደለም። ከሌሎቹ መምህራን ጋር ተነጋገሩና በቀን ከሁለት የትምህርት ዓይነት በላይ እንዳይሆን ተስማሙ። በሳምንት ለአንድ ትምህርት አንድ ዋና ሐሳብ፣ ጥቂት መልመጃ፣ አንድ መልስ የሚመለስበት ቀን። ምዕራፍ ለመጨረስ የሚሮጥ መምህር አለ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያው ሲከፈት እንደ አዲስ ያስተምረዋል።

መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቆራረጥስ?

ትምህርቱን ቀድሞ በሚወርድ ነገር ላይ አድርጉት። ቀጥታ ስርጭት መብራት ሲጠፋ ይሞታል፤ ድምፅ፣ ፎቶና ፒዲኤፍ ግን ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ከወረደ ሌላ ቀንም ይከፈታል። ቴሌግራም ላይ መልእክት በሰዓት ማዘዝ ስለሚቻል ማታ አዘጋጅታችሁ ንጋት ላይ እንዲወጣ አድርጉት፤ የሌሊት ጥቅል የሚገዙ ተማሪዎች ሲነሱ ያወርዱታል። ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋትንም አሳዩዋቸው፤ ፓኬጃቸው የማይፈልጉት ነገር ላይ እንዳያልቅ።

አንድ ሙሉ ሳምንት ኢንተርኔት ባይኖርስ ብላችሁ ግን ተዘጋጁ። የሆነ ነገር ነው፤ ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ለሳምንታት ቆይቷል፣ በቴሌግራም ብቻ ያስተምር የነበረ ሁሉ ያኔ ባዶ እጁን ቀረ። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ እጅ ላይ ሁለት ሳምንት የሚያሠራ ወረቀት ይኑር።

ስማርት ስልክ የሌላቸውን እንዴት ልድረስ?

በወረቀት። ይህን ስል ፊታቸው ቅጭም የሚል መምህራን አሉ፣ "ዘመናዊ" አይመስልማ። ግን አንድ ሉህ ወረቀት ፊትና ኋላ ታትሞ፣ አጭር ማብራሪያ፣ አንድ የተሠራ ምሳሌ፣ አምስት ስድስት ጥያቄ፣ ከግርጌው የመምህሩ ስልክ ቁጥር ካለበት ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል። ባትሪ አይፈልግም።

ጥያቄው እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ሰልፍ ማስያዝ በተዘጋበት ምክንያት ላይፈቀድ ይችላል፣ ዙሪያ ገጠር ያለው ወላጅም ለአንድ ወረቀት ብሎ ትራንስፖርት አይከፍልም። ግን ጅማ የሐሙስ ገበያ አላት። ያ ወላጅ ሐሙስ ለገበያው ሲል ይመጣል። ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ወይም ፎቶኮፒ ቤት ጋር ተስማሙ፤ ወረቀቱ በክፍልና በስም ተለይቶ በፖስታ ይቀመጥ፣ ወላጅ አዲሱን ሲወስድ ያለፈውን ሳምንት ይመልስ። ከተማ ውስጥ ላሉት ደግሞ በየሰፈሩ አንድ ጎበዝ የ10ኛ ወይም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ፈልጉ፣ ጊንጆ አንድ፣ ሂርማታ አንድ፣ ጅሬን አንድ። ፎቶኮፒውን ማን ይከፍላል ካላችሁ፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ የሚሰበሰበው ለዚህ ጊዜ ካልሆነ ለመቼ ነው?

የተመለሰውን ወረቀት ሳታርሙ አትተዉ። ሁሉን ማረም ባይቻል ሁለት ጥያቄ መርጣችሁ እረሙና ስማቸውን ጠርታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። ወረቀቱ ምንም ሳይባልበት የተመለሰለት ልጅ በሦስተኛው ሳምንት መላክ ያቆማል።

ለወላጅ ኤስኤምኤስ በላክሁ ቁጥር ካርዴ ቶሎ ያልቃል። ለምን?

አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። "የተከበሩ የተማሪ ወላጅ ሆይ" ብላችሁ ሰላምታውን ስትጨርሱ ሩብ ያህሉ አልቋል። 71ኛዋ ፊደል ስትገባ ሁለት መልእክት ሆኖ ይከፈልበታል። በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ከጻፋችሁ 160ው አለላችሁ፤ ግን ለሁዳው (ለድምፅ ማቋረጫው ምልክት) ቀጥ ያለችውን ጭረት ተጠቀሙ፣ አንዳንድ ስልክ በራሱ የሚያስገባት ጠማማዋ ጭረት መልእክቱን ወደ 70 ታወርደዋለች።

ስለዚህ አጭር ጻፉ። "ሒሳብ ገጽ 42 ከ1-5። አርብ ይመለስ።" በቃ።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አይደለም። በ2012 ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ችግሩ ልጁ ያዳምጥና ያበቃል። እናንተ የሥርጭቱን ሰዓት ለወላጅ አሳውቁ፤ ከሥርጭቱ በኋላ ደግሞ ያዳመጠ ልጅ ብቻ ሊመልሰው የሚችል አንድ ጥያቄ ላኩ። ጅማ የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ አላት፤ ትምህርት ቤቶች ተባብረው የአየር ሰዓት ቢጠይቁና የአካባቢው መምህር በአካባቢው አነጋገር ቢያስተምር ልጆቹ "ቲቸር ናቸው!" ብለው ጆሮ ይሰጣሉ።

የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆችን በስልክ ማስተማር ይቻላል?

ይዘት ማስተማር ይከብዳል፤ ማንበብ እንዳይረሱ ማድረግ ግን ይቻላል፣ ዋናውም እሱ ነው። ገና ፊደል እየለየ ያለ ልጅ ለወራት ካላነበበ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሳምንት ሁለቴ ደውሉና ልጁ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። አንድ ደቂቃ ብቻ። የት እንደሚደናቀፍ ትሰማላችሁ፣ የሚቀጥለውን ገጽ ትሰጣላችሁ።

"እኔ አላነብም፣ እንዴት ላግዘው?" የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ማንበብ የማይችል ሰውም ልጁ ጣቱን ከቃል ቃል እያስከተለ መሆኑን ማየት ይችላል፣ "ምን ይላል? ንገረኝ" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ታላቅ እህት ወይም ወንድም ካለ ሥራውን በስሙ ስጡት፤ "የአንተ ኃላፊነት ነው" ሲባል ደስ ይለዋል።

በየትኛው ቋንቋ ልላክ?

ልጁ ክፍል ውስጥ በሚማርበት። ጅማ ላይ በአፋን ኦሮሞ የሚማር አለ፣ በአማርኛ የሚማር አለ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ለወላጅ የሚላከው ግን ወላጁ በሚናገረው ይሁን፤ በአማርኛ የሚማር ልጅ አያቱ አፋን ኦሮሞ ብቻ ሊናገሩ ይችላሉ። ለ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛውን ፒዲኤፍ ወርውሮ ዝም ማለት አይገባም፤ ክፍል ውስጥም ቢሆን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ስታብራሩ አልነበረም? ያንኑ በድምፅ አድርጉት።

ሳይንስ ያለ ላብራቶሪ እንዴት ይሆናል?

እውነቱን እንነጋገር፣ ክፍል ውስጥም ላብራቶሪ የነበራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እቤት ውስጥ እንዲያውም ዕቃ ይበዛል። ስኳር በሞቀና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለመሟሟት የሚፈጅበት ጊዜ፣ ጀበና ሲፈላ አፉ ላይ የሚጠራቀመው ጠብታ፣ እርጥብ ልብስ ፀሐይ ላይና ጥላ ውስጥ ለመድረቅ የሚወስድበት ሰዓት፣ ሁሉም የመጽሐፉ ምዕራፍ ነው።

የምወደው የጥላው ሙከራ ነው። ልጁ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ይተክልና የጥላውን ርዝመት በየሰዓቱ ይለካል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መባቻና ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች። በእነዚያ ቀናት ጥላው የሚጠፋው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለምን 6 ሰዓት አልሆነም? ይህን ጥያቄ ለ8ኛ ክፍል ልጆች ስጡና የሚመልሱትን ስሙ፤ ስለ ኬንትሮስ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ያስተምራቸዋል። ደመና ካለ ደግሞ ሌላ ቀን፣ ጅማ ናት።

ልጆቹ ቡና ለቀማ ሄደዋል። ምን ላድርግ?

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መዘጋት ከመጣ ይህ የማይቀር ነው፤ ልጁ እቤት ከተገኘ ወደ ለቀማ ይወጣል፣ ቤተሰቡም የዓመት ገቢው ስለሆነ አይፈረድበትም። ከቡናው ጋር አትጣሉ። መልስ የሚመለስበትን ጊዜ ወደ ማታ አዙሩ፣ ሥራውን አሳንሱ፣ ከቻላችሁ ሥራውን ከቡናው ውስጥ አውጡት።

ሒሳብ ለዚህ ይመቻል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ዛሬ የለቀማችሁትን በኪሎ መዝኑና ስንት ፈረሱላ እንደሆነ በክፍልፋይና በአስርዮሽ ጻፉ። ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ቡና አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ የእናንተ ቤት ቡና ስንት ይወጣዋል? በዛሬው ዋጋ እሸቱን መሸጥ ይሻላል ወይስ አድርቆ መጠበቅ? ይህን የሠራ ልጅ መልሱን ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለአባቱም ይናገራል፣ ቤት ውስጥም ለትምህርቱ ያለው ፊት ይለወጣል።

በስልክ ፈተና ብሰጥ ሁሉም ይኮርጃል። ምን ይሻላል?

የሚኮረጅ ፈተና አትስጡ። ምርጫ ጥያቄ ቴሌግራም ላይ ከለቀቃችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልሱ ሌላ ግሩፕ ላይ ነው። የቴሌግራምን ኩዊዝ ለልምምድ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ቻናል ላይ ስትለቁት ማን ምን እንደመለሰ አይታይም፣ ግሩፕ ላይ ግን ስም እንዲታይ ማድረግ ይቻላል።

ለማርክ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ ቁጥር ስጡ። "የመዝገብ ቁጥርህን በሀ ቦታ አስገባና እኩልታውን ፍታ" ብትሉ ጥያቄው አንድ፣ መልሱ ግን በተማሪው ልክ ይሆናል። ለቋንቋና ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ መልሱ ከቤቱ የሚወጣ ነገር ጠይቁ፦ አያትህን ጠይቅና ሰፈራችሁ እንዴት እንደተመሠረተ ጻፍ። ይህን ከጓደኛ መገልበጥ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ደውሉ። የሦስት ደቂቃ ስልክ፦ "ሦስተኛው መስመር ላይ ለምን በሁለት አካፈልክ?" የራሱ ከሆነ ያስረዳል፤ የሌላ ሰው ከሆነ "ቲቸር ኔትወርክ ይቆራረጣል" ይላል። ስልሳ ልጅ በአንድ ቀን አይደወልለትም፤ በሳምንት አስራ አምስት አስራ አምስት እያላችሁ በወር ሁሉን ታዳርሳላችሁ። ማርኩ ራሱም ቢሆን ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ በ2012 አብዛኛው ክፍል ያለ ማጠቃለያ ፈተና ነው ወደሚቀጥለው የተዛወረው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ወደ 2013 ተገፍቷል።

ካርዱንና ዳታውን ከኪሴ ልክፈል?

አትክፈሉ፣ ቢያንስ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። በቴሌብር ለሌላ ሰው ስልክ ፓኬጅ መግዛት ስለሚቻል ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ በመምህሩ ቁጥር ቢገዛ ደረሰኝ ማሳደድ አያስፈልግም። ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ስንት ተማሪ በስንት ደቂቃ እንደምታዳርሱ ዘርዝራችሁ አቅርቡ። ደመወዙ ቀድሞም የማይበቃ መምህር ሁለት ወር ከኪሱ ከከፈለ በኋላ ዝም ነው የሚለው፣ ያኔ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

ለሳምንታት ድምፁ የጠፋ ተማሪ አለ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መጀመሪያ ምክንያቱን እወቁ። ስልኩ ተሽጦ ሊሆን ይችላል፣ ልጁ ሱቅ ተቀጥሮ ወይም ባጃጅ ላይ ረዳት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ቁጥር ሞክሩ፣ የቅርብ ጓደኛውን ጠይቁ፣ ሰፈሩ ቅርብ ከሆነ ሂዱ። ስትገናኙ "ለምን ጠፋህ?" በሚለው አትጀምሩ። "ደብተርህ አለ? እስከ የት ደርሰሃል?" በሉት፤ የጠፋ ልጅ የሚያፍረው የተከመረበትን ሥራ ሲያስብ ነው፣ ስለዚህ ያለፈውን ሰርዙለትና ከዛሬው ጀምር በሉት።

ሴት ልጅ ከጠፋች ግን ጊዜ አትስጡ። አንዳንዴ የቤት ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ወድቆ ነው፤ ውሃ፣ ምግብ፣ ታናናሾች። ይህ ከእናቷ ጋር በመነጋገር ይስተካከላል፦ "እትዬ፣ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ብቻ ይተዉልኝ" ብሎ ሰዓት ለይቶ መጠየቅ "ልጅዎን ያስጠኗት" ከማለት የተሻለ ውጤት አለው። የጋብቻ ወሬ ከሰማችሁ ደግሞ ሽምግልና ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። በሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ክልክል ነው፤ ለዳይሬክተሩና ለቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ወዲያው ንገሩ፣ ማን እንደነገራችሁ ግን አታውጡ። ልጅቷን አደጋ ላይ የሚጥላት ያ ነው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ከየት ልጀምር?

በቴሌግራም ከላካችሁት ቀጥሎ ካለው ገጽ አትጀምሩ። ከፊታችሁ የሚቀመጡት ልጆች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ሁሉን የተከታተሉ፣ ወረቀት ብቻ የደረሳቸው፣ ምንም ያልደረሳቸው። የመጀመሪያውን ሳምንት ማርክ የሌለው አጭር ፈተና ስጡ፤ ጥያቄዎቹ ከተዘጋበት ቀን በፊት ከነበረው ትምህርት ይሁኑ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ለታችኞቹ ክፍሎች ያቺን የአንድ ደቂቃ ንባብ አንድ በአንድ አስነብቡ።

ከዚያ ለምዕራፉ የማያስፈልገውን ቆርጣችሁ ጣሉ። ይህን ለብቻችሁ ሳይሆን ከላይና ከታች ክፍል ከሚያስተምሩት ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ፤ የ7ኛ ክፍል መምህር ክፍልፋይን ከዘለለው የ8ኛው ማወቅ አለበት። የተከታተሉትን ልጆች ካልተከታተሉት ጋር አቀላቅላችሁ አስቀምጡ፣ "የጎበዝ ረድፍ" አትፍጠሩ። ቻናሉንም አትዝጉት፤ ታሞ የቀረ ልጅ ወይም ዝናብ መንገድ የዘጋበት ልጅ በዚያው ይከታተላል፣ እናንተም ሰኞ ስትገቡ ያለፈውን ሳምንት አርብ የተመለሰውን ወረቀት ይዛችሁ ነው የምትገቡት።